የዕድገት አነቃቂዎችና የደም ቅዳ ጡንቻ ህዋሳት፦ የመባዛት ሁለት ገጽታ

አተሮስክለሮሲስ የደም ቅዳ ግድግዳ ስብ፣ ህዋሳትና ኮላጅን እየተከማቹበት የሚወፍርበትና የሚደድርበት ሕመም ነው። በዚህ ሂደት ከፍተኛ ድርሻ ካላቸው መካከል በግድግዳው መካከለኛ ንብርብር የሚገኙት ልሙጥ የጡንቻ ህዋሳት ይጠቀሳሉ። በጤናማ ደም ቅዳ ውስጥ እነዚህ ህዋሳት እምብዛም አይባዙም፤ ተግባራቸው እየተኮማተሩና እየላሉ የቧንቧውን ስፋት መቆጣጠር ነው። በሕመሙ ጊዜ ግን ወደ ውስጠኛው ንብርብር ፈልሰው ይባዛሉ። ይህ ጽሑፍ የመባዛቱን መንስኤና ለሕክምና ያለውን ትርጉም ይመረምራል።

ወሳኙ ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ራስል ሮስና ባልደረቦቹ የዝንጀሮ ደም ቅዳ ጡንቻ ህዋሳትን በቤተ ሙከራ ሲያሳድጉ፣ ከረጋ ሙሉ ደም የተገኘው ሴረም ህዋሳቱን በብርቱ እንደሚያባዛ፣ ፕላትሌት ከሌለበት ፕላዝማ የተዘጋጀው ሴረም ግን ይህ ኃይል እንደሌለው አስተዋሉ። ፕላትሌት ሲጨመር ኃይሉ ተመለሰ። ከፕላትሌት የሚለቀቀው ይህ የዕድገት አነቃቂ ፕሮቲን ፒዲጂኤፍ ተባለ። ማክሮፋጆች፣ የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ህዋሳትና የጡንቻ ህዋሳቱ ራሳቸውም እንደሚያመነጩት በኋላ ታውቋል፤ ስለዚህ የውስጥ ሽፋኑ ሳይላጥም መባዛት ሊጀመር ይችላል።

ፒዲጂኤፍ ከሁለት ሰንሰለቶች የተሠራ በመሆኑ በህዋሱ ገጽ ላይ ያሉ ሁለት ተቀባዮችን ያጣምራል። የተጣመሩት ተቀባዮች አንዱ በሌላው ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ይጨምራሉ። መልእክቱ በራስና በፒአይ3ኬ መንገዶች ወደ ኒውክሊየስ ሲደርስ ሳይክሊን ዲ ይጨምራል፣ ክፍፍልን የሚገታው ፒ27 ይቀንሳል፤ ህዋሱም ዲኤንኤውን ወደ ማባዛት ይገባል። በአይጦች ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጡ ጥናቶች የሥራ ክፍፍል መኖሩን ጠቁመዋል። በፊኛ በተጎዳ የአንገት ደም ቅዳ ውስጥ የመጀመሪያውን መባዛት በዋናነት የሚመራው ከተጎዱ ህዋሳት የሚለቀቀው ኤፍጂኤፍ-2 ሲሆን፣ ፒዲጂኤፍ ይበልጥ የሚያገለግለው ለፍልሰቱ ነው። ሆኖም የፊኛ ጉዳት ድንገተኛ፣ አተሮስክለሮሲስ ግን ለዓመታት የሚጎተት በመሆኑ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ሕመሙ ማሸጋገር ጥንቃቄ ይሻል።

ከዚህ በመነሳት መባዛቱን መግታት ፈውስ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ነገር ግን የሚባዙት ህዋሳት የቧንቧውን መተላለፊያ የሚያጠብቡትን ያህል፣ በስቡ ክምችት ላይ የኮላጅን ክዳን ይሠራሉ። ክዳኑ ሲሳሳ ሊቀደድ፣ ደም በስፍራው ሊረጋና የልብ ድካም ሊከተል ይችላል። ኮላጅን እንዲመረት የሚያደርገው ቲጂኤፍ-ቤታ በታገደባቸው አይጦች ኮላጅኑ ቀንሶ ብግነቱ ጨምሯል። የስቴንት ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ስቴንት ላይ የሚቀባው ሲሮሊመስ የጡንቻ ህዋሳትን ክፍፍል ገትቶ የቧንቧውን ዳግም መጥበብ ቀንሷል፤ ነገር ግን የውስጥ ሽፋኑንም ማገገም ስለሚያዘገይ ሕሙማኑ የፕላትሌትን መጣበቅ የሚከላከል መድኃኒት መውሰድ ግድ ሆኖባቸዋል።

በመሆኑም የዕድገት አነቃቂዎችን የሚያጠና ተመራማሪ ምን ያህል ህዋስ ተባዛ ብሎ ቆጥሮ ማብቃት የለበትም። ህዋሱ የት እንደሚገኝ፣ በየትኛው የሕመም ደረጃ እንደተባዛና ኮላጅን እያመረተ መሆን አለመሆኑን አብሮ ሊለካ ይገባል። ቧንቧውን የሚያጠብበውና ክዳኑን የሚያጸናው ያው አንድ ህዋስ ነውና።