ጠላቂ የውሃ ፓምፕና ዋና ዋና ዓይነቶቹ

መግቢያ

መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃ የሚያወጣው የአየር ግፊት ውሃውን በመምጠጫው ቧንቧ ውስጥ ወደ ላይ ሲገፋለት ነው። ይህ ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ በሆነው በመቂና በዝዋይ አካባቢ፣ የመምጠጥ ወሰኑ በስሌት 8.5 ሜትር ያህል ሲሆን በሥራ ላይ ግን ከ6 ሜትር ብዙ አይበልጥም።

ውሃው ሲርቅ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ፓምፕ ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምና ሽታ የሌለው መርዝ ስለሆነ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለውንም ሊያወጣው የሚወርደውንም ሰው ይገድላል። መፍትሔው ጠላቂ ፓምፕ ነው።

አሠራሩ

በተለምዶ ሰብመርሲብል በሚባለው በዚህ ፓምፕ፣ ውሃ እንዳይገባበት የታሸገ የኤሌክትሪክ ሞተር ከፓምፑ ጋር ተገጥሞ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። ውሃውን ከታች ይገፋል እንጂ ከላይ ስለማይመጥጥ የመምጠጥ ወሰን አያግደውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ዙሪያውን የሚከበው ውሃ ነው።

ዓይነቶቹ

1. የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ፦ ቀጭንና ረጅም ሲሆን፣ ተደራርበው የሚሽከረከሩ ክንፎች አሉት። እያንዳንዱ ደረጃ ግፊት ይጨምራል። አሸዋ ግን ክንፎቹን ይበላቸዋል።

2. ባለ ጠመዝማዛ ዘንግ ፓምፕ፦ ጥቂት ውሃ ከጥልቅ ለማውጣት ይስማማል። በፀሐይ ኃይልም ይሠራል።

3. የሰፊ ጉድጓድ ፓምፕ፦ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

4. የድፍርስ ውሃ ፓምፕ፦ ጭቃና ቆሻሻ ያሳልፋል፤ በአብዛኛው ግን ውሃን ወደ ረጅም ከፍታ አይገፋም።

አመራረጡ

በሰኮንድ 2 ሊትር ውሃ፣ የቧንቧው ሰበቃ ተጨምሮ፣ 40 ሜትር ለመግፋት 0.8 ኪሎዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በፓምፑና በሞተሩ ግማሹ ቢባክን፣ ከመስመሩ የሚሳበው 1.6 ኪሎዋት ይሆናል። ከሁሉ በፊት ጉድጓዱ በሰዓት ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ መለካት አለበት። ከዚያ በላይ የሚስብ ፓምፕ ጉድጓዱን አድርቆ ራሱም ይቃጠላል።

ጥንቃቄ

ሀ. ፓምፑ በገመድ እንጂ በኤሌክትሪክ ሽቦው መንጠልጠል የለበትም።

ለ. ከጉድጓዱ ወለል ከፍ ብሎ፣ ከዝቅተኛው የውሃ መጠን በታች ይቀመጥ።

ሐ. ውሃ ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይገጠምለት።

መ. መስመሩ ሳይቋረጥ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ አይውረድ፤ ውሃውንም አይንካ።