የቡና ዋጋ ንረት፦ የነጋዴ ስግብግብነት ወይስ የገበያ ኃይል? ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ገበያዎች አንጻር

መግቢያ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አካባቢዎች፣ ከሸዋ ቤንችና ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ የቡና ዋጋ በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሣል። ቡና ገዝቶ የሚጠጣው ነዋሪ ዋጋውን የሰቀለው ነጋዴው ነው ይላል። እሸት ቡና የሚሸጠው ገበሬም ድርሻውን የወሰደበት ነጋዴው እንደሆነ ይናገራል። ነጋዴው በበኩሉ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ገበያው ነው»። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ማብራሪያዎች ምን ያህል እንደሚያስረዱ ይመረምራል። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፦ የዋጋው መውጣትና መውረድ በስግብግብነት ሊብራራ አይችልም፤ ሆኖም «ገበያው ነው» የሚለው መልስ የገበያውን አደረጃጀት ከጥያቄ ሊያድነው አይገባም።

ዋጋውን ምን አናረው?

የሰሞኑን ንረት ለመረዳት ሁለት ኃይሎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የዓለም ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በኒውዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከ2 ዶላር በታች ነበር፤ በ2025 የካቲት ወር ከ4 ዶላር በላይ ደረሰ። ለዚህም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ በዓለም ቀዳሚ አምራች በሆነችው ብራዚል የደረሰው ድርቅ ነው።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ተመን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለማሳያ ያህል በ5 ዶላር የሚሸጥ አንድ ኪሎ ቡና ይወሰድ። በ57 ብር ተመን 285 ብር ያወጣል፤ በ114 ብር ተመን ደግሞ 570 ብር። የዶላር ዋጋው ሳይነቃነቅ፣ የማንም ነጋዴ ጠባይ ሳይለወጥ፣ የብር ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ኃይሎች ሲደራረቡ የሚፈጠረው ንረት የሚዛን ተፈሪን ሸማች ቢያስደነግጥም እንቆቅልሽ አይደለም።

ቋሚ ነገር ተለዋዋጩን አያስረዳም

የስግብግብነት ማብራሪያ ዋና ድካም ተለዋዋጭ ውጤትን በቋሚ ምክንያት ለማስረዳት መሞከሩ ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ያቆመው የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰና የቬትናም ምርት ከተስፋፋ በኋላ፣ በ2001 መጨረሻ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ነጋዴ በ2001 ለጋስ፣ በ2025 ስግብግብ ሆነ ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ትርፍ የመፈለግ ጠባይ በሁለቱም ዘመን አለ፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሁኔታ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህም የጠራ ምሳሌ ይሰጣል። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. መንግሥት ስድስት ላኪዎች ቡና አከማችተዋል በማለት መጋዘኖቻቸውን ዘጋ። ወቅቱ ከዓለም የፋይናንስ ቀውስ ጋር ተያይዞ የውጭው ዋጋ የወረደበት፣ የብር ተመንም በመንግሥት የሚወሰንበት ነበር። ቡና ወደ ውጭ መላክ በማያዋጣበት ጊዜ ማቆየት ከሥነ ምግባር ጉድለት በፊት የስሌት ውጤት ነው። በሌላ በኩል የውጭ ምንዛሪ እጥረት በበረታባቸው በኋለኞቹ ዓመታት፣ አንዳንድ ላኪዎች ቡናን አገር ውስጥ ከገዙበት በታች እየሸጡ ይልኩ ነበር፤ ኪሳራውን የሚያካክሱት በተገኘው ዶላር ባስገቡት ሸቀጥ ላይ ነው። አንዱ «ማከማቸት»፣ ሌላው «በኪሳራ መሸጥ» ይባል እንጂ ሁለቱንም የወለደው ያው ትርፍ ፈላጊነት ነው። ልዩነቱን የፈጠሩት ደንቦቹ ናቸው።

ዋጋ ተቀባይና ዋጋ ወሳኝ

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ የዋጋ ጭማሪ ከጥያቄ በላይ ነው ማለት አይደለም። ተመሳሳይ ክርክር በአሜሪካ በመዝናኛ ፓርኮች ዋጋ ላይ ይካሄዳል። ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቀን መግቢያ በአብዛኞቹ ቀናት ከ100 ዶላር በላይ ነው። የዋጋ ግሽበት ከዚህ ልዩነት ጥቂቱን ብቻ ያስረዳል። ፓርኩ አምሳያ የሌለው በመሆኑ ባለቤቱ ዋጋ ወሳኝ ነው፤ እንግዳው ወይ ይከፍላል ወይ ይቀራል። የቤንች ሸኮ ወይም የሸካ ገበሬ ግን ዋጋ ተቀባይ ነው። ስለዚህ በቡና ሰንሰለት ውስጥ መጠየቅ ያለበት «ማን ስግብግብ ነው?» ሳይሆን «ዋጋ የመወሰን አቅም ያለው ማን ነው፣ የትኛው ደረጃ ላይ?» የሚለው ነው።

የእሸት ቡና ሰዓት

መልሱ በከፊል በእሸት ቡና ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። የተለቀመ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ ጭነቱ ከባድ ነው፤ ራቅ ወዳለ ጣቢያ ወስዶ ዋጋ ማወዳደርም አዳጋች ነው። በአቅራቢያው አንድ ወይም ሁለት ገዢ ብቻ ካለ፣ ገበሬው በጀርባው የተሸከመው ቡና ብቻ ሳይሆን የሚቆጥርበት ሰዓትም ነው። ጀንፈል ቡና ግን ደርቆ ወራት ይቆያል፤ የሚያቆየውም ገበሬ «ዛሬ አልሸጥም» ማለት ይችላል። ከለቀማ በፊት ገንዘብ የተበደረ ገበሬ ይህን ምርጫ አስቀድሞ አጥቷል።

ከዚህ የሚነሣ፣ በመስክ መረጃ ሊፈተን የሚችል መላምት አለ። የገበያ ኃይል ብቻ ቢሆን፣ የዓለም ዋጋ ሲወጣም ሲወርድም በእሸት ዋጋ ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት ይታያል። የገዢዎች የበላይነት ካለ፣ ቅናሹ ቶሎ፣ ጭማሪው ዘግይቶ ገበሬው ዘንድ ይደርሳል፤ ልዩነቱም ገዢዎች ጥቂት በሆኑባቸው ቀበሌዎች ይሰፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ የሚመዘገብ የእሸት፣ የጀንፈልና የማዕከላዊ ገበያ ዋጋ፣ እንዲሁም በየመገበያያው ያሉ ገዢዎች ቁጥር ነው። አቅራቢና ላኪ በቀጥታ ትስስር መገበያየት በጀመሩ መጠን በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በይፋ የሚታየው ዋጋ ስለሚቀንስ፣ ይህ ምዝገባ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ማጠቃለያ

የምርመራው አቅጣጫ የመፍትሔውንም አቅጣጫ ይወስናል። ችግሩ ስግብግብነት ነው ከተባለ የሚከተለው ተግሣጽ፣ ቅጣትና መጋዘን ማሸግ ነው፤ ይህም ዓለም አቀፉን ዋጋም ሆነ የምንዛሪ ተመኑን አይለውጥም። ችግሩ የመደራደር አቅም ነው ከተባለ ግን መፍትሔው በየቀበሌው ሊሠራ የሚችል ነው፦ ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ፣ የታመነ ሚዛን፣ በለቀማ ቀናት በእጁ ጥሬ ገንዘብ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከለቀማ በፊት ያለውን ወቅት የሚያሻግር ብድር። በከተማው ሸማች ላይ የደረሰው ጫና እውነተኛ ቢሆንም አብዛኛው የሚመነጨው ከሚዛን ተፈሪ ውጭ ነው። የገበሬው ድርሻ መቀነስ ግን ከመገበያያው ሥፍራ ሊመነጭ ይችላል፤ ሊታረምም የሚችለው በዚያው ነው።