ለትንሽ የሞተር ጀልባ ትክክለኛውን ፕሮፔለር እንዴት እንምረጥ?

በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ቆሞ ወደ ገዳማቱ የሚጓዙትን ጀልባዎች በጥሞና ያዳመጠ ሰው፣ አንዳንዱ ሞተር ሸክም እንደ በዛበት ሲያቃስት ይሰማል። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሳለ ዙሩ አይጨምርም። ባለቤቱ በነዳጁ ወይም በካንዴላው ያሳብባል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ከውኃው በታች፣ ከፕሮፔለሩ ሊሆን ይችላል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

በፕሮፔለር ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 9¼ × 9። የመጀመሪያው ክንፎቹ ሲሽከረከሩ የሚሠሩት ክብ ዲያሜትር ሲሆን ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ሁለቱም የሚለኩት በኢንች ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ ብሎን በእንጨት ውስጥ እንደሚሄድ ቢሄድ ኖሮ በአንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት የሚጓዘው ርቀት ነው። ውኃ ግን እንደ እንጨት ጠጣር ስላልሆነ እውነተኛው ጉዞ ከዚህ ያንሳል። ይህ ልዩነት ሸርተቴ ይባላል።

አንድ ሞተር በደቂቃ 5,500 ዙር ይሽከረከራል፣ ማርሹም ይህን በግማሽ ይቀንሰዋል እንበል። ፕሮፔለሩ በደቂቃ 2,750 ዙር ያገኛል ማለት ነው። ፒቹ 9 ኢንች ማለትም 0.229 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 630 ሜትር ወይም በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ነበር። ሸርተቴው 20 በመቶ ከሆነ ግን ጀልባዋ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች።

ታዲያ ፒቹን ብናበዛው ፍጥነቱ አይጨምርምን? የዓባይን በረሃ ሽቅብ የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌር መልሱን ያውቀዋል። ዳገቱን በአምስተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል ሞተሩ ይታፈናል። ትንሽ የጀልባ ሞተር ወደ ፊት የሚሄድበት ማርሽ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህም የጀልባው ሰው ማርሹን የሚመርጠው በጉዞ ላይ ሳይሆን ፕሮፔለሩን በሚገዛበት ዕለት ነው።

እዚህ ላይ የከፍታ ጉዳይ ይነሳል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል፤ የውኃው እፍጋት ግን አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ሞተሩ የሚተነፍሰው የሳሳ አየር፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ግን ያንኑ ከባድ ውኃ ነው። የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል። ፕሮፔለር የሚፈልገው ጉልበት በግምት ከዙሩ ብዛት ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ በባሕር ወለል 5,500 ዙር ይሰጥ የነበረ ሞተር ጣና ላይ ወደ 5,200 ዙር ይወርዳል። ተሳፋሪና ዕቃ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያሽቆለቁላል። ታፍኖ የሚሠራ ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተኑም ይጎዳል። ተሳፋሪ ጭኖ በሐይቁ መካከል የሚቆም ሞተር ከኪሳራም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ትክክለኛውን ፕሮፔለር ለመምረጥ ሦስት እርምጃዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሚፈቀደውን የዙር ክልል፣ ለምሳሌ ከ5,000 እስከ 6,000፣ ማወቅ። ሁለተኛ፣ ጀልባዋን እንደ ወትሮው ጭኖ በሙሉ ነዳጅ እየነዱ ዙሩን በዙር መቁጠሪያ መለካት። ሦስተኛ፣ ዙሩ ከክልሉ ካነሰ ፒቹን መቀነስ፣ ከበለጠ መጨመር። አንድ ኢንች ፒች ዙሩን በግምት ከ150 እስከ 200 ይለውጣል። ስለዚህ በከፍታው ሳቢያ የቀነሰውን 300 ዙር ለመመለስ ፒቹን እስከ ሁለት ኢንች መቀነስ ይበቃል። ፕሮፔለሩን ከመንካት በፊት ሞተሩን ማጥፋትና የካንዴላውን ገመድ መንቀል ፈጽሞ አይዘንጋ።

አነስተኛ ፒች ከፍታ የወሰደውን ጉልበት አይመልስም፤ ሞተሩ የቀረውን ጉልበት ሳይታፈን እንዲሰጥ ያስችለዋል እንጂ።

አንባብያን እስቲ ይህን አስሉ፦ ለጣና በሚገባ የተመረጠ ፕሮፔለር ያለው ሞተር 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ጫሞ ሐይቅ ቢወሰድ፣ የጀልባውና የጭነቱ ዓይነት ሳይለወጥ፣ ፒቹ መጨመር አለበት ወይስ መቀነስ? ለምን?