ኩሬ ለቆፈረው ልጄ፦ ስለ ዓሣ ትል

ልጄ፣ «አባባ፣ ቆሮሶዬን ስከፍተው ትል አገኘሁበት፤ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብለህ ልከህብኛል። እሺ፣ ስማኝ።

1. መጀመሪያ ትሉን ለይ። ከቆዳው ሥር የገብስ ቅንጣት የሚያህል ቢጫ እብጠት ካለ በቀንድ አውጣ በኩል የመጣ ነው። በልቡና በስንጥቡ አካባቢ ተጠቅልሎ የተኛው ክብ ትል ሌላ ነው። ሁለቱም የሚጎለምሱት ዓሣ በሚበላ ወፍ ውስጥ ነው።

2. ፕራዚኳንቴል ለብልሃርዝያ የሚታደለው ኪኒን ነው። ጠፍጣፋ ትልን ይገድላል፣ ክብ ትልን አይነካም። ለሙሉ ኩሬ የሚበቃውን ብትገዛ ደግሞ ዓሣው ዋጋውን አይመልስልህም። ኮሶስ ብለሃል፤ ኮሶ እኛ ጥሬ ሥጋ ወዳዶቹ የጠጣነው ይበቃል።

3. እንዶድ እንዳትነካ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ነገሩን ለዓለም ያሳወቁት። እኔም ይህን ሰምቼ ወቅጬ ኩሬዬ ውስጥ ደፋሁት። ቀንድ አውጣው ሞተ። ጠዋት ስወጣ ዓሣዎቼም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፍፈው ቆዩኝ። ብርብራ ዓሣ እንደሚገድል ከልጅነቴ የማውቅ ሰው፣ እንዶድን ግን እንዴት አመንኩት! አንተ የሁዳዴን ገበያ ጠብቅ፤ ዓሣህን ሸጠህ ኩሬውን አፍስስ፣ መሬቱ እስኪሰነጠቅ በበጋው ፀሐይ አድርቀው፣ ከዚያ ኖራ በትንበት። ቀንድ አውጣው በዚህ ያልቃል።

4. ዳር ዳሩን ቄጠማ እጨድ፤ ቀንድ አውጣ የሚጠለለው እዚያ ነው። የኩሬውን ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ቁረጠው፣ ሽመላ ቆማ የምታድንበት እንዳታገኝ። መረብ ከቻልክ ዘርጋበት።

5. ኩሬህ ያለባት ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቆሮሶ ሲበርደው መብላት ይተዋል፤ ይከሳል፤ በሽታ መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ አታጨናንቀው።

6. ከባሕር ዳር የዓሣ ጫጩት ስታመጣ ከጣና በመረብ የተያዘውን አትቀበል፤ በኩሬ የተራባውን ጠይቅ። ስንጥቡ ላይ ለሚጣበቁት ጥቃቅን ትሎች በ10 ሊትር ውሃ 200 ግራም ጨው በጥብጠህ፣ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ንከረው። ከተገለበጠ ወዲያው አውጣው።

7. ሥጋውን በደንብ አብስለህ ብላ፤ ሐዋሳ ላይ ጥሬውን ቢወዱትም አንተ ተወው። የሆድ ዕቃውን ለወፍ አትወርውር፣ ቅበረው። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርገው፤ አለዚያ የጎረቤት ውሻ ያወጣዋል።