ነዳጅ ያለቀበት አውሮፕላን ምን ያህል ይርቃል?

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ የተጫነው ነዳጅ እንደማያደርስ ቢያስረዱም ሰሚ አላገኙም። በመጨረሻ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አውሮፕላኑም በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አረፈ። ከ175 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 50ዎቹ ተረፉ።

በዚህ ጽሑፍ ከአደጋው በስተጀርባ ያለውን ፊዚክስ እንመለከታለን።

ሞተር ሲጠፋ

ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም። በይፋት ቆላ ሰማይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ሳያርገበግብ የሚያንዣብበውን አሞራ ልብ ይሏል። አውሮፕላኑም ከፍታውን ቀስ በቀስ እየከፈለ ወደፊት ይንሸራተታል። ፍጥነቱ ካልተለወጠ፣ የሚያጣው እምቅ ጉልበት (mgh ማለትም መጠነቁስ × የስበት ፍጥንጥነት × ከፍታ) የአየርን ጎታች ኃይል ለማሸነፍ ከሚሠራው ሥራ ጋር እኩል ነው። ከዚህ የምናገኘው ውጤት ቀላል ነው፦

ርቀት ÷ ከፍታ = አንሺ ኃይል ÷ ጎታች ኃይል

ለትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ይህ ውድር 17 ያህል ነው ብንል፣ ነፋስ በሌለበት ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ 170 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

ውሃ ለስላሳ ነውን?

በሴኮንድ 90 ሜትር የሚጓዝ አካል ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከ410 ሜትር ከፍታ ከወደቀ አካል ጋር ይመሳሰላል። የውሃ እፍግታ ደግሞ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ በእኩል ፍጥነት የሚያሳድረው ጎታች ኃይልም በዚያው መጠን ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነትን መቀነስና ክንፎችን አግድም ማድረግ ወሳኝ ነው። በኮሞሮስ የግራ ክንፍና ሞተር ቀድመው ውሃውን ነኩ። ጎታቹ ኃይል በአንድ ወገን ብቻ ስለሠራ አውሮፕላኑ ዞረ፣ ተሰባበረም። አብራሪው ሞተር አልባ አውሮፕላን እየመሩ ከጠላፊዎች ጋር ይታገሉ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በአንጻሩ ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ወፎች ሞተሮቹን ያበላሹበት ኤርባስ ኤ320 በኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ክንፎቹን አስተካክሎ አረፈ፤ 155ቱም ተረፉ።

የአርኪሜድስ ሕግና የሕይወት ጃኬት

ከዚህ ታሪክ እጅግ የሚያሳዝነው ክፍል ይህ ነው። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ ከግጭቱ የተረፉ ነበሩ፤ ጃኬታቸውን በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ስለነፉ ግን ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ተገፍተው መውጣት አልቻሉም። 15 ሊትር አየር የያዘ ጃኬት ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም የ15 ኪሎ ግራም ውሃን ክብደት በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። በሩ ከውሃው በታች ሲሆን ይህን ኃይል ተቋቁሞ ወደ ታች መዋኘት ያዳግታል። ከውጭ ሕይወት የሚያድነው ኃይል በውስጥ እስረኛ ያደርጋል። ስለዚህ አስተናጋጆች «ጃኬቱን ከወጣችሁ በኋላ ንፉ» ሲሉ ትእዛዙ የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን እናስተውል።

ለመልመጃ

አንድ አውሮፕላን ከአጣዬ በላይ፣ ከባሕር ወለል 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ ሞተሮቹ ጠፉ እንበል። አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 195 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የአውሮፕላን ማረፊያዋም ከባሕር ወለል 2.3 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ውድሩ 17 ከሆነ ይደርሳልን? ስሌቱን ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ከፍታ እንደሚያገለግል አስቡ።