ሸክላና ካሴት ማጫወቻን ስለ ማጽዳትና ስለ መጠበቅ



ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከመካከላችን አንዱ የአባቱን አሮጌ ካሴት ማጫወቻ ከገሳይ ተሸክሞ መጣ። ከእርሱም ጋር አንድ ካሴት ብቻ ነበረ፤ በውስጡም ከብዙ ዘመን በፊት በሠርግ ላይ የተቀዳ የአያቱ ድምፅ ነበረበት። እኛም ጉጉት አሸንፎን አቧራውን እፍ አልንና ካሴቱን ከተን ተጫንነው። አያቱ ሁለት ስንኝ ሳይጨርሱ ድምፁ ጎረነነ፤ ወዲያው ጸጥ አለ። ስንከፍተው ክሩ በጎማው ላይ ተጠምጥሞ ተጨማዶ አገኘነው። ፈትተን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ አንድ ክንድ ያህሉ ግን ዳግመኛ የማይሰማ ሆኖ ቀረ። ጥፋቱ የካሴቱ አልነበረም፤ ማሽኑን ሳናጸዳ የቸኮልን የእኛ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ፊሊፕስ ካሴትን በ1963 እ.ኤ.አ. ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ በአገራችን ካሴት ዘፈን ብቻ የሚሰማበት ዕቃ ሆኖ አልቀረም። በውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ የሚልከው ደብዳቤ፣ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ አፍ የሚቀዳው ዜማ፣ የሠርጉም የለቅሶውም ግጥም በካሴት ተይዟል። በተክሌ አቋቋም ስሟ በሚነሣው በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ እንዲህ ያለ ካሴት በየሣጥኑ ሳይገኝ አይቀርም። አብዛኛውም ሌላ ቅጂ የለውም።

ሀ/ ጠላቶቹ

በጉና ሥር ባለው ደጋ ማሽኑን የሚጎዱት ሦስት ናቸው፤ የበጋ አቧራ፣ የምድጃ ጢስና የክረምት እርጥበት። የጢሱ ጥላሸት ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። እርጥበቱ ደግሞ በክሩ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ማሽን በውስጡ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሳያርፍ መክፈት አይገባም።

ለ/ ካሴት ማጫወቻ

ክዳኑ ሲከፈት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ክሩን የሚያነበው ራስ ነው፤ በፊቱ ላይ ያለው ክፍተት ከፀጉር ቅጥነት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ጥቂት እድፍ ድምፁን ለማፈን ይበቃዋል። ሁለተኛው ቀጭኑ የብረት ዘንግ፣ ሦስተኛው በዘንጉ ላይ የሚጫነው ጎማ ነው። እነዚህ ሁለቱ ክሩን በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይስቡታል። እድፍ ሲይዛቸው ፍጥነቱ ይዛነፋል፣ ድምፁ ይዋልላል፤ ጎማው ከተጣበቀ ደግሞ በእኛ ላይ እንደ ደረሰው ክሩን ይበላል።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ባትሪ ድንጋዩ ይወጣል፣ የኤሌክትሪኩም ገመድ ይነቀላል። በስንጥር ላይ ጥጥ ጠምጥመን፣ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል በጥቂቱ አስነክተን፣ ራሱንና ዘንጉን ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪተው ድረስ እንጠርጋለን። ቡናማው ከክሩ የረገፈ የብረት ዱቄት ነው። አልኮሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ 70 በመቶው ውሃ ስለሚበዛበት እስኪደርቅ ብዙ መታገሥ ያሻል። አረቄና ሽቶ ግን አይሆኑም፤ አረቄ ውሃ አለበት፣ ሽቶም ቅባት ትቶ ይሄዳል። ጎማውን ለስላሳ ሳሙና ባለበት ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይሻላል። ራሱን በሚስማር ወይም በቢላዋ የፋቀ ሰው ማሽኑን ገደለው ማለት ነው። በራሱ አጠገብ ያለችውንም ትንሽ ብሎን ያለ ዕውቀት አለመንካት ነው።

ድንጋይ በውስጡ ፈስሶ ከተገኘ፣ አልካላይን ከሆነ የነጣውን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ባረጠብነው ጥጥ እንጠርገዋለን፤ ተራው ከሆነ ግን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ። በመጨረሻ በአልኮል አጽድቶ ማድረቅ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ድንጋዩን ማውጣት ነው።

ሐ/ ሸክላ ማጫወቻ

ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. በጀርመን ድምፁን ያስቀዳበት ዓይነት ሸክላና፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያወጣው ባለ 45 ዙር ሸክላ አንድ አይደሉም። የጥንቱ ባለ 78 ዙር ከነፍሳት ሙጫ የተሠራ ስለሆነ አልኮል ያቀልጠዋል፤ ከቶ እንዳይነካው። ኋለኛው ፕላስቲክ ነው፤ በተጣራ ውሃ ላይ አንዲት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና ጨምሮ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቦዩን ተከትሎ በዙሪያው ማጠብ ይቻላል፤ በወርዱ መፈተግ ግን ቦዩን ይጭራል። የሁለቱም መሐል ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ ያስፈልጋል።

መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይገባል። ባለ 78 ዙሩ ቦይ ሰፊ ስለሆነ የራሱን መርፌ ይፈልጋል፤ በእጅ የሚጠመዘዘው ግራማፎን ያለው የብረት መርፌ ደግሞ ከአንድ ገጽ በኋላ ይለወጣል። ለሚሽከረከረው ዘንግ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ትበቃዋለች፤ የወጥ ዘይት አይሆንም። ቀበቶውንና ጎማውን ግን ዘይት እንዳይነካቸው፤ ይንሸራተታሉና።

መ/ ካሴቱን ስለ ማዳን

ማሽኑ ከተጸዳ በኋላ በመጀመሪያ ቢበላሽ የማያሳዝን ካሴት እንሞክርበት። ውድ የሆነው ካሴት መጨረሻ ይገባል። ሻጋታ ካለበት ጨርሶ አይግባ፤ ለሚያውቅ ሰው ይሰጥ። በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ብንሰብር ማንም በስህተት በላዩ አይቀዳበትም። ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ማኖር አይገባም፤ ማግኔቱ ድምፁን ያጠፋዋልና። ከጢስና ከወለል አርቆ በሣጥን ውስጥ አቁሞ ማስቀመጥ ይበጃል። ከሁሉም በላይ፣ ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር ገመድ ስቦ መቅዳትና ቅጂውን በሁለት ቦታ ማኖር ነው።

የጓደኛችንን ማሽን በዚህ ሁኔታ ካጸዳነው በኋላ የአያቱ ድምፅ ከተጨማደደው ክንድ ወዲያ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ቀዳነውም። ያቺ የጠፋችው ስንኝ ግን አልተመለሰችም፤ በቃልም የሚያውቃት አልተገኘም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ጥቂት ጥጥና አንዲት ብልቃጥ አልኮል ይዘን እንሂድ። ሣጥኑን ከመክፈታችን በፊት ወላጆቻችንን እናስፈቅድ፤ ማሽኑንም ከመጫናችን በፊት እናጽዳ።