የጠጠር ጉድጓድ ግድግዳ እስከ ምን ድረስ ይቆማል?

በከተማችን ዳር ለመንገድና ለቤት መሥሪያ የሚሆን ጠጠር የሚወጣበትን ጉድጓድ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ከጓደኞቼም ብዙዎቹ በዕረፍት ወራት እዚያ ለገልባጭ መኪና ጠጠር እየጫኑ የደብተር መግዣ ያገኛሉ። ስለዚህ በፊዚክስ ክፍል ስለ ሰበቃ የተማርነውን ይዤ ግድግዳውን ልመረምር አሰብሁ።

በመጀመሪያ ታጥቦ የደረቀ ጠጠር በሣንቃ ላይ በቀስታ አፈሰስሁ። የክምሩ ከፍታ 21 ሳንቲ ሜትር፣ የመቀመጫው ግማሽ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ሆነ። 21 ለ30 ሲካፈል 0.7 ይሆናል፤ ይኸውም የ35 ዲግሪ ታንጀንት ነው። ጠጠር ብጨምርበት ክምሩ አደገ እንጂ ማዕዘኑ አልተለወጠም። ክብደት ሲጨምር ቁልቁል የሚስበው ኃይልና የሚይዘው ሰበቃ በእኩል መጠን ያድጋሉና።

እንግዲህ የጉድጓዱ ግድግዳ 6 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ከሰበቃ ሌላ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። እርሱም በጠጠሮቹ መካከል ያለው ጥቂት ሸክላ አፈርና እርጥበት የሚሰጠው የመያያዝ ኃይል ነው። እነዚህን ሁለት ኃይሎች ለይቶ ያስላቸው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኩሎም ሲሆን፣ ጽሑፉን ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው በ1773 እ.ኤ.አ. ነበር። መያያዝ የሚሠራው በሚንሸራተተው ገጽ ስፋት ልክ ነው። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን፣ በ1 ሜትር ወርድ ሲታሰብ፣ ገጹ 2 እጥፍ፣ ክብደቱ ግን 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 2 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ አፈር 6 ሜትርም ይቆማል ማለት አይቻልም።

ውሃስ? ጥቂቱ ያያይዛል፤ ሲበዛ ግን ክፍተቱን ሞልቶ ጠጠርን ከጠጠር ይገፋል፣ ሸክላውንም ያላላል። በዌልስ አገር፣ በአበርፋን፣ በምንጭ ላይ የተከመረ የከሰል ማዕድን ግብስባሽ በኦክቶበር 21 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ተንዶ በትምህርት ቤት ላይ ወረደና 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። «ይህ ግድግዳ በጋውን ሁሉ ቆሟል» የሚለው ክርክር ለእኔ ከንቱ ነው፤ የጥር መቆም ስለ ሐምሌ አይመሰክርም።

በእኛ ጉድጓድ አናት ላይ ከጠርዙ 1 ሜትር ተኩል ገባ ብሎ ሁለት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ። ከሥር ደግሞ ሠራተኞቹ በድጅኖ ይቦረቡራሉ፤ የላይኛው በራሱ ሲወድቅ ጉልበት ይቆጥባልና። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጉድጓዱ ሥራው ሲያልቅ ግድግዳው ለ1 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር እየራቀ ቢዳፋ፣ ማዕዘኑ 27 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን ከ35ቱ በታች ነው። ሁሉንም ከላይ ብንቆርጥ 12 ሜትር መሬት ይሄዳል። ከወገቡ በላይ ያለውን ቆርጠን ከግርጌው ብንሞላው ግን የሚሄደው 6 ሜትር ብቻ ነው። ሙሌቱ ታዲያ በየንብርብሩ መረገጥ አለበት፤ በላዩም ጥቁር አፈርና ሣር ያስፈልገዋል። ከአናቱ ላይ ገብስ የሚያርሱትን አባት ሥዕሉን ባሳየኋቸው ጊዜ «6ቱን ሜትር ማን ይከፍለኛል?» አሉኝ፤ ለዚህ የሚሆን ቀመር በመጽሐፋችን ውስጥ የለም።